ጉዲፈቻና አዶፕሽን አንድ ቃል አይደሉም

«ጋሼ፣ የእህቴን ልጅ በጉዲፈቻ ልወስዳት ነው የመጣሁት። የሦስት ሳምንት እረፍት አለኝ። ይበቃኛል?»

ይህን ጥያቄ በዓመት ስንቴ እንደምሰማው ቆጥሬ አላውቅም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አንዲት ጠባብ ትርጉም ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር። ከውጭ የመጣ ሰው ጉዳዩን ለመጨረስ ወደ መሀል ከተማ ሲወርድ ፎቶኮፒ ቤቱን፣ ማመልከቻ ጸሐፊውንና እንደኔ ያለውን ተርጓሚ ሳይረግጥ አይመለስም። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረግፍ የቤተሰቡ ታሪክም አብሮ ይዘረገፋል።

ያቺ ከቨርጂኒያ የመጣችው ሴት ግን ፌስታል አልያዘችም። የእህቷን የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጅቷን የልደት ሰርተፊኬት፣ የራሷን የደመወዝ ማስረጃ እያንዳንዱን በላስቲክ ከታ፣ በቀለም ለይታ ነው የመጣችው። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አራት ኪሎ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ የት እንዳለ አይታወቅም። አክስትየዋ «ፍርድ ቤት ማክሰኞ፣ ኤምባሲ ሐሙስ» ብላ ፕሮግራም አውጥታለች።

ሦስት ሳምንት አይበቃም። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው ሦስት ዓመትም አይበቃም። ይህን ስናገር «ያው ቢሮክራሲው ነው» ይሉኛል። ቢሮክራሲው አለ፣ አልክድም። ሲስተም የለም ይባላል። ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል ይባላል። ቲተሩ ያለበት መሳቢያ ቁልፉ የለም ይባላል። እሱ ግን ትዕግሥትና ጥሩ ጫማ ላለው ሰው ያልፋል። የማያልፈው ሌላ ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን የሚያሻሽል አዋጅ አጸደቀ። ቁጥሩ 1070/2010 ነው። በዚህ አዋጅ የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ እንዲወስድ ይፈቅድ የነበረው ድንጋጌ ተሰረዘ። አገር ውስጥ የሚደረግ ጉዲፈቻ አልተነካም። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቷል። የሚረሳው «የውጭ ዜጋ» የሚባለው ማን እንደሆነ ነው።

«ፓስፖርትሽ የየት አገር ነው?» አልኳት።

አወጣችው። ሰማያዊ ነው፣ የአሜሪካ።

«እኔ እኮ ፈረንጅ አይደለሁም፤ አክስቷ ነኝ» አለች። ልክ ናት። ሕጉ ግን የሚያየው ዜግነትን እንጂ ደምን አይደለም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት የሌላ አገር ዜግነት ፈልጎ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ያጣል። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልድ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ንብረት ያስይዛል። ዜግነት ግን አይደለም።

«ባለቤቴስ? እሱ ገና ግሪን ካርድ ነው። ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው።»

ጎበዝ ናት፣ አስባበታለች። ግን የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት ጉዲፈቻ ሲያደርጉ አብረው እንዲያደርጉ ነው የሚያዘው። ከዚህ ነጻ የሚሆነው አንደኛው የሌላኛውን ልጅ ሲወስድ ነው። እህቷ የወለደቻት ልጅ ለባልየው የሚስቱ ልጅ አይደለችም።

እዚህ ላይ ነው ሰው ወንበሩን ገፍቶ የሚነሳው። እኔ ደግሞ ሌላውንም ልንገርሽ አልኳት። ሁለታችሁም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብትይዙ ኖሮስ? እዚህ በሩ ክፍት ነበር። አሳዳጊው ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ይሁን፣ ልጁ ከአሥራ ስምንት በታች ይሁን፣ ዳኛው ልጁንም ይጠይቁ፣ ጥቅሙን ይመርምሩ፣ ከዚያ ያጸድቃሉ። ችግሩ ውሳኔው በእጅ ከገባ በኋላ ይመጣል። አሜሪካ ወላጅ አልባ ልጅን በጉዲፈቻ የሚያስገባውን ማመልከቻ የምትቀበለው ከራሷ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በሌላ በኩል መሄድ አለበት። ልጁ አሥራ ስድስት ሳይሞላው ጉዲፈቻው ማለቅ አለበት። አሳዳጊው ሁለት ዓመት በሕግ ልጁን የመያዝ ሥልጣን ሊኖረው፣ ሁለት ዓመትም አብሮት ሊኖር ይገባል። የት ነው አብረው የሚኖሩት? አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ ግሪን ካርዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። አሜሪካ እንዳይኖሩ ልጁ ቪዛ የለውም።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ይቆማል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘችውን አሜሪካ አታስተናግዳትም። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘችውን ኢትዮጵያ አታስተናግዳትም። አንዲት አክስት ናት፤ ዜግነቷን በለወጠች ቀን አንዱ በር ይከፈትላትና ሌላው ይዘጋባታል። ይህን ወጥመድ ተንኮል አስቦ የሠራው የለም። ሁለት ሕጎች በየራሳቸው ምክንያት ወጥተው መሀል ላይ አንዲት ልጅ አገኙ፣ አለቀ።

«አንድ መንገድ አይጠፋም» የሚሉ ደላሎች አሉ። እህትየውን እናት፣ አክስትን እናት፣ አያትን ጎረቤት የሚያደርግ ወረቀት እናመጣለን ይላሉ። እኔ ዘንድ ይዘው ሲመጡ ወዲያው አውቀዋለሁ። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ድሮም አይቼዋለሁ። ሕጉ ለምን እንዲህ ጠንክሮ እንደተዘጋ የሚገባን ያን ጊዜ ስናስታውስ ነው።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ለዓለም የጉዲፈቻ ገበያ አዲስ አገር ነበረች። ገበያ ማለቴ ቃሉ ሲጎረብጥም ሌላ ስለማይገኝለት ነው። አሜሪካ ብቻ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 የወሰደችው ልጅ ሦስት መቶ አይሞላም ነበር። በ2005 አንጀሊና ጆሊ ከዚህ ልጅ ወሰደች፣ ዓለምም ዞሮ አየን። በ2010 ቁጥሩ ከ2,500 በላይ ደረሰ። ስድስት ዓመት ነው የፈጀው። ያኔ በቀን ምን ያህል ዶሴ እንደተረጎምኩ ሳስበው እጄን ያመኛል። የእንግዳ ማረፊያው፣ ሹፌሩ፣ አስተርጓሚው፣ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ ሁላችንም ከዚያ እንጀራ በልተናል። እኔም በልቻለሁ።

መጋቢት 2003 ዓ.ም. በጊዜው የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ለፍርድ ቤት የሚጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ በቀን እስከ ሃምሳ ከነበረው ወደ አምስት አወረደው። ሃምሳ ዶሴ በቀን መመርመር አይቻልም ማለቱ ነበር። እውነት ነው፣ አይቻልም። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ታዳጊ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት ሞተች። በፈረንጆቹ 2013 በሁለቱም ተፈረደባቸው። በዚያው 2013 መስከረም ላይ አሜሪካም አሠራሯን ለወጠች። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ከመወሰኑ በፊት ልጁ በእርግጥ ወላጅ አልባ መሆኑን አስቀድማ ልትመረምር ጀመረች። ከዚያ በፊት ምርመራው የሚመጣው ውሳኔው ካለቀና ልጁ አዲሱን አባት «አባዬ» ማለት ከጀመረ በኋላ ነበር። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻው ታገደ። በዓመቱ ሕጉ ራሱ ተቀየረ።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ምን ነበር ችግሩ? ሰው ሁሉ «ሐሰተኛ ሰነድ» ይላል። ሐሰተኛ ሰነድ ነበረ። እኔን ግን ከሐሰተኛው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ትክክለኛው ነው። ማህተሙ ትክክል፣ ፊርማው ትክክል፣ ምስክሮቹ በአካል የቆሙ፣ የእናትየዋ የጣት አሻራ የራሷ። እሱን ነው የምለው።

የአሜሪካ ሕግ በሕይወት ያለው አንዱ ወላጅ ልጁን ለጉዲፈቻና ከአገር ለመውጣት «በማይሻር ሁኔታ» መልቀቁን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ዶሴዎቹ ሁሉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች። «ልጄን ለማሳደግ አቅም ስለሌለኝ ማናቸውንም ግንኙነቴን በማይሻር ሁኔታ አቋርጫለሁ።» በቃሌ ነው የማውቃት። ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው እየገለበጥኩ ስም ብቻ እቀይር ነበር። ከወላይታ የመጣችውም እናት፣ ከሐዲያ የመጣውም አባት፣ ከከምባታ የመጣችውም አያት ሁሉም በአንድ አፍ የተናገሩ ይመስላሉ። ማንም ገበሬ እንዲህ አይናገርም። ዓረፍተ ነገሯ የተጻፈችው ባሕር ማዶ ያለውን ጠረጴዛ ለማስደሰት ነው።

አሁን የኛን ሕግ ክፈቱ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 183። የጉዲፈቻ ልጅ ከተፈጥሮ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል። በሁለቱ ቤተሰብ መካከል መምረጥ ግድ ሲሆን የጉዲፈቻው ይቀድማል። ይቀድማል እንጂ ሌላውን አያጠፋም።

ቃሉም ይኸንኑ ነው የሚናገረው። ጉዲፈቻ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ማሳደግ ከሚለው ይወለዳል። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ ልጅን የቤት ልጅ ያደርጋል፣ የወለደውን ግን አይደብቅም። በአማርኛውም የጡት ልጅ የሚባል ነበር። ጣት ወይም ጡት ማር ተቀብቶ ልጁ ይጠባል፣ የጡት አባት ይገኛል። የጡት ልጅ የሆነ ሰው የወለዱትን እናት ረሳ የሚል የትም የለም። ሁለት ቤት አገኘ ነው የሚባለው። አሜሪካን አገር አዶፕሽን ሲሉ ደግሞ የድሮው ወላጅነት አብቅቶ አዲሱ ይተካል ማለታቸው ነው። የልደት ሰርተፊኬት ሳይቀር እንደ አዲስ ይጻፋል።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? አንዱን በሌላው ተረጎምኩት። መዝገበ ቃላቱም እንደዚያው ነው የሚለው። እናትየዋ «ጉዲፈቻ» ስትባል ተምሮ ተመልሶ የሚጦራት ልጅ ይታያታል። ፈረንጁ «አዶፕሽን» ሲባል ያለቀ የደቀቀ ነገር ይታየዋል። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ውል ነው የፈረሙት። ማህተሙ የእኔ ነው።

ውጭ አገር ላሉት አሳዳጊዎች ደግሞ ወረቀቱ አላለቀም። ልጁ አሥራ ስምንት እስኪሞላው በየዓመቱ ሪፖርት ለመላክ ፈርመዋል። ልጁ እንዴት አደረ፣ ምን ክፍል ገባ፣ ፎቶው ይኸውና የሚል ነው። እገዳው ይህን ግዴታ አላነሳውም። በ2009 አንድ ዓመቱ ላይ የሄደ ሕፃን አሥራ ስምንት የሚሞላው በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ያለውን ጊዜ አስቡት። እዚህ ሪፖርቱን የሚጠብቅ ሰው አለ። አንዳንዷ እናት የልጇን ፎቶ ለማየት ከዱራሜ በአውቶቡስ ትመጣለች። ሪፖርቱ ካልተላከ ምን ትላላችሁ? አሳዳጊዎች ይህን ብታነቡ፣ ያቺ ሁለት ገጽ የምትደክማችሁን ያህል አይደለችም።

ሌላ ያላለቀ ወረቀት አለ፤ እሱ የልጆቹ የራሳቸው ነው። አሜሪካ ከገቡት አንዳንዶቹ በአይ አር ሦስት ቪዛ ነው የገቡት። አሳዳጊዎቻቸው እዚህ መጥተው አይተዋቸው፣ ጉዲፈቻውም እዚህ ያለቀላቸው ናቸው። እነሱ ከአሥራ ስምንት በታች ሆነው እግራቸው አሜሪካ እንደረገጠ ዜጋ ሆነዋል። ሌሎቹ የገቡት በአይ አር አራት ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ አሳዳጊያቸው በውክልና የጨረሰላቸው ናቸው። እነሱ እዚያ ግዛት ፍርድ ቤት ጉዲፈቻው እንደገና ካልጸደቀላቸው ወይም ካልታወቀላቸው ዜግነቱ በራሱ አይመጣም። ቸልተኛ አሳዳጊ የገጠመው ልጅ ይህን የሚያውቀው አድጎ ፓስፖርት ሲጠይቅ ነው።

አሁን ወደኔ ቤት በብዛት የሚመጡት እነዚህ ያደጉት ናቸው። ሃያ፣ ሃያ ሁለት ዓመታቸው። አማርኛ የላቸውም፤ «ሰላም» እና «አመሰግናለሁ» ይላሉ። ቢጫ ካርድ ይፈልጋሉ፣ ወይም እናታቸውን። ሕጉ ለቢጫ ካርዱ አይከለክላቸውም። በ1994 የወጣው አዋጅ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረን ሰው ያካትታል። ማስረጃ ግን ይጠየቃሉ። ማስረጃቸውን ሲያወጡት ወይ ጉድ ያሰኛል። ብዙ ጊዜ ከዚህ የወጣው የልደት ሰርተፊኬት ላይ የአባት ስም የሚለው ቦታ የአሳዳጊው የፈረንጅ ስም አለ። አገሩ ኢትዮጵያ፣ አባት ሚኒሶታ። የወለደው አባት ስም ያለው ሌላ ወረቀት ላይ ነው፣ እሱም ደቡብ ባለ ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ።

መዝገቡን ለማውጣት ስም ያስፈልጋል። ጸጋዬ በላቲን ሲጻፍ በቲና በኤስ ይሁን በኤስ ብቻ ማንም አልተስማማም። አንዱ ልጅ በሦስት ወረቀት ሦስት ሰው ሆኖ መጥቶብኛል። የልደት ቀኑም እንደዚያው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት መደመር ሲገባ ስምንት የደመረ ተርጓሚ ልጁን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ዕድሜው ገደብ ላይ ላለ ልጅ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። እና ደግሞ ሁሌ ስህተት አልነበረም። ምክሬ ለነዚህ ልጆች አጭር ነው። ከአገር የወጣችሁበትን አሮጌውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት አትጣሉ። የውሳኔውን ሙሉ ግልባጭ ከነመዝገብ ቁጥሩ ያዙ፤ የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ይዞ መምጣት አይጠቅምም። ከመሳፈራችሁ በፊት አሳዳጊዎቻችሁን መሳቢያ አስከፍቱ።

የቨርጂኒያዋ ሴት ሐሙስ ኤምባሲ አልሄደችም። ሦስት ቀን ተናዳ ጠፋችና ተመለሰች። አያትየው በፍርድ ቤት ሞግዚት ተብለው ተሾሙ። ለትምህርት ቤቱና ለሕክምናው የሚሆን ወረቀት ተዘጋጀ። እሷ በየወሩ ትልካለች። ልጅቷ እዚያው አራት ኪሎ ትማራለች። አክስትየዋ የፈለገችው ይህ አልነበረም። ግን በወረቀቱ ላይ እናት እናት ሆና፣ አክስትም አክስት ሆና ቀርታለች።

ባለፈው ሰኔ አንድ ወጣት መጣ። ረጅም ነው፣ ዝናብ አብስብሶታል። ዶሴውን ከደቡብ ራሱ ሄዶ አውጥቶ ነው የመጣው። እናቱን አግኝቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ያያታል። ከመሄዱ በፊት እዚያ ገጽ ላይ ምን እንደሚል በትክክል ማወቅ ይፈልጋል። ተቀበልኩት። ትርጉሙ የማን እንደሆነ ለማወቅ ማህተሙን ማየት አላስፈለገኝም።

ዓረፍተ ነገሯን አነበብኩለት። «ማናቸውንም ግንኙነቴን በማይሻር ሁኔታ አቋርጫለሁ።» ዝም አለ። ከሥር ያለውን የጣት አሻራ በአውራ ጣቱ ሸፈነው።

«እሷ ናት እንዲህ ያለችው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

እሷ እንዳላለችው፣ ማን እንደጻፈው፣ እኔም ስንት ጊዜ እንደገለበጥኩት ነገርኩት። ከዚያ ሕጉን ከመደርደሪያ አውርጄ አንቀጽ 183ን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል አነበብኩለት። እንድደግምለት ጠየቀ። ደገምኩለት።

«ይህን ማተም ትችላለህ? የአማርኛውንም። ለእሷ።»

መብራት ነበረ። ሁለት ኮፒ አተምኩለት።